ሃያ ክንድ

ፎርድስበርግ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ሽታው የያዘኝ። ባለቤቴ ጽጌና ልጃችን ሜሮን ለሞሪሺየሱ ጉዞ ስስ ቀሚስ የሚያሰፉበት ጨርቅ ሲመርጡ፣ ባለሱቋ አሮጊት አንዱን ጥቅል ከመደርደሪያው አውርዳ ባንኮኒው ላይ ዱብ ዱብ እያደረገች ስትዘረጋው፣ ውሃ ያልነካው የአዲስ ጥጥ ሽታ ከነብናኙ ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የልጅነት ሽታ ሲመጣ ሆድ ይባባል ይላሉ። እኔን አስነጠሰኝ።

አሮጊቷ ትውልዷ እዚያው ሞሪሺየስ ደሴት ነው፤ ባል ተከትላ ጆሃንስበርግ ከገባች አርባ ዓመት እንዳለፋት በእንግሊዝኛ ነገረችን። ሜሮን ይህን ስትሰማ ሰሞኑን ከስልኳ ላይ የምትለማመደውን የደሴቱን ቋንቋ ክሪዮልን አወጣችና «ቦንዙር! ኪ ማንዬር?» አለቻት። አሮጊቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀችና እንደ ዝናብ አወረደችባት። ፈረንሳይኛ ይመስላል፣ ፈረንሳይኛ ግን አይደለም፤ ወገቡን ፈትቶ የሚሄድ ፈረንሳይኛ ነው። ሜሮን አንድም ቃል አልያዘችም።

«በይ እንጂ፣ መልሺላት!» አለች ጽጌ።

«እማ፣ እኔ ገና ሰላምታው ላይ ነኝ። ደግሞ ከአባ እሻላለሁ። አባ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሁሉንም ሳውቦና ሊላቸው ነው።»

«ሳውቦና ነው ያሳደገሽ» አልኳት። ውሸት አይደለም። ቴምቢሳ በሚባል ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍቼ፣ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦና የስልክ ኤርታይም እያቀበልኩ፣ ጠዋትና ማታ ለአላፊ አግዳሚው የዙሉውን ሰላምታ ሳውቦናን እያልኩ ነው አሥራ ስድስት ዓመት የኖርነው።

አሮጊቷ ጨርቁን ስትለካ አየኋት። ባንኮኒው ጠርዝ ላይ በምስማር የተመታ የብረት ሜትር አላት። ትልቅ ሰው ቢለካበት፣ ልጅ ቢለካበት፣ ያው ነው። በአባቴ ቤት እንዲህ ያለ ብረት ቢኖር ኖሮ የኔ ነገር ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ላይሆንም ይችላል አልኩ።

ስለ ጉዞው ልናገር። እስካለፈው ዓመት ድረስ ከዚህ አገር የወጣ መመለሻ አልነበረውም፤ ፔፐራችን የጥገኝነት ነበር፣ በየጊዜው ሰልፍ ቆመን የምናሳድሰው። ባለፈው ዓመት የቋሚ ነዋሪነቱ ፈቃድ ወጣልን። ሰው ወጥቶ መመለስ ሲችል መጀመሪያ የሚያስበው አገሩን ነው ትሉ ይሆናል። ጽጌ ሆሳዕና ከተማ ሄዳ እናቷን አይታ ተመለሰች። ሜሮን ግን እዚሁ የተወለደች ናት፤ የክፍል ጓደኞቿ የሚያወሩት ስለ ሞሪሺየስ ነው፤ አራት ሰዓት በረራ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት የሚመጣ የፈረንሳይ ዳቦ፣ ማታ ደግሞ ሴጋ የሚባል ከበሮና ጭፈራ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈችና ቀን በቀን የሚደረገውን ጻፈች፤ የቆርቆሮ ጣሪያና ባለ ቀለም መስኮት ያላቸውን የክሪዮል ቤቶች የምናይበት ቀን፣ የፖርት ሉዊስ ገበያ ቀን፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ቀን። ሸንኮራ አገዳ ለማየት አውሮፕላን እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የበዓል እቅድ ግን ለኔ አዲስ አይደለም። ያደግሁት ዓመቱን ሙሉ በዓል በሚታቀድበት ቤት ነው።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር፤ እትዬ አስካለ ከሚባሉ ሴትዮ የተከራየናት አንዲት ክፍል። አባቴ ከጋሞ ተራራ የመጣ ሸማኔ ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ አንዱ ውስጥ አባቴ፣ አንዱ ውስጥ እኔ፣ እግራችንን ወደ ታች ሰድደን እየረገጥን እንሸምን ነበር፤ እናቴና ታላቅ እህቴ ዘነቡ ግድግዳውን ተደግፈው ይፈትሉና ክሩን ቀሰም ላይ ይጠቀልሉ ነበር። የምንተኛው ሥራው ሲቆም በጉድጓዶቹ መሀል ባለው ቦታ ነው። በራችን ወደ መንገዱ ስለሚከፈት ተማሪዎች ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ያዩኝና «አንተ፣ ከወገብህ በታች የለህም እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እኔ መወርወሪያውን እወረውር ነበር።

እቅዱ የሚጀመረው በጥቅምት ነው። አባቴ መስቀልን አገሩ አክብሮ፣ ፀሐይ ፊቱን ጠብሳው፣ ድምፁ ጨምሮ ይመለስና ጉድጓዱ ውስጥ እንደገባ ስለሚመጣው መስቀል ማውራት ይጀምር ነበር። የጋሞ ሰው የትም ይሽመን የት፣ መስቀልን አባቱ ቤት ካልዋለ ሰው አይባልም። እሳቱ የሚለኮሰው አባወራው ባለበት ነው፤ በሬው የሚታረደው ከወንድሞቹ ጋር ነው፤ «ዮ ማስቃላ» ተባብለው ይተቃቀፋሉ። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በወሬ ነው። በየዓመቱ አንድ ሰው መቅረት ነበረበት፤ ክር፣ ዕቃ፣ ያላለቀ ሥራ ተትቶ በር ተዘግቶ አይኬድም። የሚቀረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። «የሚመጣው መስቀል ያንተ ነው» ይለኝ ነበር አባቴ፤ እኔም ያን ይዤ ዓመቱን እጀምር ነበር።

በጋው ሲገባ ሥራ ይበዛል። ለገና ነጠላ፣ ለጥምቀት ቀሚስ፣ ለሠርግ ጋቢ፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ክሩ እንደ ፀጉር ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር እየቀጠልኩ፣ አባቴ አንገቱን ሳያዞር የአውቶቡሱን ነገር ያወራ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ እስከ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ ጨንቻ፣ ከዚያ በእግር። የትኛው ድልድይ ላይ አውቶቡሱ እንደሚቆም፣ የት ዳቦ እንደሚገዛ፣ ጉሙ ከየት እንደሚጀምር ነግሮኛል። ሳልሄድ መንገዱን ከሄዱት በላይ አውቀው ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ለማን ምን እንደሚወሰድ ይታቀዳል፤ ለአያቴ ጋቢ፣ ለአጎቶቼ ኩታ፣ ለአክስቶቼ መቀነት። ይህ ሁሉ ከሰው ሥራ በተረፈ ክር፣ በተረፈ ሰዓት ይሠራ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቤቱ ይረጥባል፤ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፤ ክሩ ይለግማል። በዚያው በነሐሴ መጨረሻ የትምህርት ቤት ምዝገባ ይጀመራል። የኔ ነገር የተበላሸው በዚህ ነው፤ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ምዝገባው ሸማኔ ቀና ብሎ በማያይበት ሰሞን ላይ ይውላል፤ የአዲስ ዓመትና የመስቀል ልብስ ሁሉ ለዚያ ሳምንት ነው የሚታዘዘው። ትምህርቱ ሲከፈት ደግሞ አባቴ መንገድ ላይ ነው። «ከመስቀል ስመለስ አስመዘግበዋለሁ» ይል ነበር። ከመስቀል ሲመለስ ክፍሉ ሞልቷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል።

ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ዕድሜዬን በትክክል የሚያውቅ የለም፣ እናቴ ጠነከረች። እንዝርቷን አስቀምጣ «ዘንድሮ ይመዝገብ። ደብዳቤ ሲመጣ እስከ መቼ ጎረቤት ለምነን እናስነብባለን?» አለችው።

አባቴ ሥራውን አቆመ። ሁለት ልብ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ አንድ ጉድጓድ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ወደኔ ዞረና «እሱ ይምረጥ» አለ። «ዘንድሮ መስቀል ላንተ ደርሷል፤ ይዤህ ልሄድ አስቤያለሁ፤ እትዬ አስካለ በሩን እንዲያዩልን እለምናቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ከገባህ ግን መስቀልን አታየውም፤ በተከፈተ ሳምንት የቀረ ልጅ ስሙ ይሰረዛል። የቱ ይሻልሃል?»

ልጅ እንዲህ ይጠየቃል? እኔ «መስቀል» አልኩ። እናቴ እንዝርቷን አነሣች።

ጳጉሜ ላይ አባቴ የአውቶቡስ ወንበር ለመያዝ በጠዋት ወጣ። ሲወጣ «የአቶ በላቸውን ጋቢ ድር አድራ። ሃያ ክንድ ነው፣ እንዳትሳሳት» አለኝ። ድር ሲደራ ግቢ ውስጥ ሁለት እንጨት ይተከላል፤ ክሩ በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ይዘረጋል፤ የእንጨቶቹ ርቀት ነው የጋቢው ርዝመት። ሁልጊዜ የሚለካውና የሚተክለው አባቴ ነበር። እኔ አንዱን እንጨት ተከልኩ፣ መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ክንዴን አንጥፌ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ እየለካሁ፣ ሃያ ስል ሌላውን ተከልኩ። እንዳልሳሳት ብዬ ተመልሼ ሁለተኛ ለካሁ። ልክ ሃያ ነበር። ደስ እያለኝ ክሩን ስመላለስ ዋልኩ፤ የምመላለሰው ጨንቻ የደረስኩ እየመሰለኝ ነው።

አባቴ በሌላ ሥራ ተወጥሮ ስለነበር ጋቢውን የሸመንኩት እኔው ነኝ። ሸማ ከፊት ከፊትህ እየተጠቀለለ ስለሚሄድ ርዝመቱ ሳይፈታ አይታይም። የአዲስ ዓመት ማግስት ጋቢውን ያዘዙት ደንበኛችን አቶ በላቸው መጡ፤ ጋቢው ለአማቻቸው ነው፣ ከመስቀል በፊት መድረስ አለበት። ተፈታ፣ ታጠፈ፣ እሳቸው ቆመው ደረቡት። ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቁ። «ምነው አንተዬ፣ አማቼ ረጅም ነው ብዬህ አልነበረም እንዴ? ይሄ ለጥጃ ነው?»

አባቴ አልሳቀም። ጋቢውን መሬት ላይ ዘርግቶ በራሱ ክንድ ለካው። አሥራ አምስት ሞላና ትንሽ ተረፈ። ዞር ብሎ አየኝና «በማን ክንድ ነው የለካኸው?» አለኝ።

«በክንዴ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ክንዴን ያዘና ከክንዱ ጎን አስተኛው፤ ክርናችንን አጋጠመ፤ የሱ እጅ የኔን ጣቶች አልፎ ሄደ። እናቴም ዘነቡም አቶ በላቸውም ቆመው ያዩ ነበር። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ያዘኝ። ከዚያ ለቀቀኝና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማን ክንድ እንደሆነ አልነገርኩህም» አለ። ሰውዬው ጋቢያቸውን ከመስቀል በፊት እንደሚያገኙ ቃል ገባላቸው።

ጥፋቱ የሱ ነው፤ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ። ወንበሩ ተይዟል፣ አያቴ ይጠብቃል፣ ጋቢው እንደገና መሸመን አለበት። እናቴ «እኔ ከልጁ ጋር እቀራለሁ» ስትል አባቴ «ሚስቱን ጥሎ መጣ ሊሉኝ ነው?» አላት። ከመሄዱ በፊት ድሩን በራሱ ክንድ ለክቶ አደራልኝ። ከዚያ ሦስቱም ሄዱ። ዘነቡ በሩ ላይ ዞር ብላ ምላሷን አወጣችብኝ፤ ልታስቀኝ ነበር፣ አሁን ይገባኛል። እትዬ አስካለ ምሳና ራት ይሰጡኝ ነበር።

በመስቀል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ደመራ ሲያበራ እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ነበርኩ። ጋቢው ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀር አልቆ አቶ በላቸው ወስደውታል፤ ሥራ አልነበረኝም፤ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ በአዲስ ደብተር ሲያልፉ ሰነበቱ። ምዝገባው የጋቢው ማጠር ሳይታወቅ አልፎ ነበር። ሁለት ነገር ነበር የተሰጠኝ፤ አንዱን መርጬ ሁለቱንም ያጣሁ ሰው ነኝ።

በጥቅምት ተመለሱ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንድ የጨንቻ ፖም አምጥታልኝ ነበር። በላሁት። ጣፋጭ ነበር። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ጥቂት እንደሸመነ «የሚመጣው መስቀል…» ብሎ ጀመረና እኔን አይቶ ተወው። ከዚያ በኋላ ስለ መስቀል ለኔ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ በግድ ትምህርት ቤት ይዛኝ ሄዳ ነበር፤ መዝጋቢው «ከሕፃናት ጋር ሊቀመጥ ነው? በዚህ ቁመቱ?» ሲል እኔው ራሴ እጇን ጎትቼ ወጣሁ። አሥራ ስምንት ግድም ሲሆነኝ ከሸማ ሸሽቼ በሞያሌ ወጣሁ፤ ስንት አገር አልፌ እዚህ እንደደረስኩ ሌላ ታሪክ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ከሕፃናት ጋር ነው። አንዷ ሕፃን ሜሮን ነበረች። ከኔ ቀድማ ጨረሰች።

ባለፈው ወር፣ እሁድ ከጸሎት ተመልሰን ምሳ በልተን፣ ጽጌ ከሱቃችን ኋላ ባለችው ክፍል የጉዞውን ዋጋ በስልኳ ስታይ ቆይታ እልል አለች። ጃንዋሪ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ትኬቱም ሆቴሉም በግማሽ ይረክሳል።

«ያ ትምህርት የሚከፈትበት ሳምንት ነው» አልኩ።

«አባ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም አይሠራም፤ ሲሪየስሊ። ወንበር መያዝና ፕሮግራም መጻፍ ነው» አለች ሜሮን።

«አይሆንም።»

«ምን ነካህ?» አለች ጽጌ። «ልጅቷ አንድ ሳምንት ብትቀር ስሟ ይሰረዛል?»

ሳላስበው ጠረጴዛውን መታሁት፤ ብርጭቆ ተገለበጠ። በሃያ ዓመት ትዳር እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። ከላይ የጻፍኩትን በአሥር ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ነገርኳቸው። ጽጌ ሸማኔ መሆኔን እንጂ ይህን አታውቅም ነበር፤ ውሃውን እየጠረገች ሰማችኝ።

«አያቴ ጨካኝ ነበሩ ማለት ነው?» አለች ሜሮን።

«አልነበረም» አልኳት። ስናገር ገረመኝ፤ ስንት ዓመት ጨካኝ ነበር ስል ኖሬያለሁ። አባቴ አሥራ አንድ ወር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሰው ከላይ ወደ ታች እያየው፣ «አንተ ሸማኔ» እየተባለ የሚኖር ሰው ነበር፤ በዓመት ለሦስት ሳምንት ብቻ ቆሞ ይሄዳል፣ አባቱ ቤት ገብቶ በስሙ ይጠራል። ያቺን ሦስት ሳምንት ለማንም አይሰጥም። ለኔም አልሰጠም። ይቅር አልኩት ልል አልችልም፤ ይገባኛል ግን።

«እሺ፣ በዲሴምበር እንሂድ» አለች ጽጌ። «ሎኬሽኑ በሙሉ ደግሞ ቦነስ ተቀብሎ የሚገዛው ያን ጊዜ ነው። ማን ይቀራል? አንተ ልትቀር ነው፤ ገብቶኛል።»

እውነቷን ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስቤው የነበረ ነው። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ሱቁን ልያዝ» የሚለው አፌ ላይ ነበር። መቅረት እችልበታለሁ፤ ሙያዬ ነው። ሜሮን ግን ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና በየቀኑ ፊት ለፊት የሦስታችንን ስም እንደጻፈች በጣቷ አሳየችኝ። ሸንኮራ አገዳውም ላይ ሳይቀር ስሜ አለ።

«ማንም አይቀርም» አልኩ። «ይዘጋ።»

«በዲሴምበር? አብደሃል?» አለች ጽጌ፤ ስትናገር ግን ቀኑን በስልኳ እየቀየረች ነበር።

ትናንት ለሱቁ በር ማስታወቂያ ጻፍኩ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ዝግ እንደሆነ በእንግሊዝኛና በዙሉ፣ በትልልቁ፣ በራሴ እጅ። ሜሮን ሁለት ቦታ አረመችልኝ፤ አንዱን እምቢ ብዬ እንዳለ ተውኩት። አባቴ ለበዓል ሲሄድ በሩ ላይ የሚተወው ሰው ነበር። እኔ የምተወው ወረቀት ነው።